ሞተሬን ሚዛን ላይ ያቆሙት መካኒክ

የምነዳው ከአባቴ የወረስኩትን ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተርሳይክል ነው። ይህ ሞዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ሲወጣ፣ ጥገና እንደ ልብ በማይገኝበት አገር እንዲሠራ ታስቦ ነው፤ ሞተሩ እስካሁን አላሳፈረኝም። ያስቸገረኝ የኋላው ሾክ አብዞርበር፣ የመንገዱን ምት የሚያበርደው ባለሞላ ክፍል ነበር። በየሐሙሱ ከዴዶ 60 ኪሎ ድንች ጭኜ ወደ ጅማ ገበያ ስመጣ፣ ዳገት በገጠመኝ ቁጥር መሪው ይቀለኛል፤ ጉድጓድ ሲያገኘኝ ደግሞ ሞላው እስከ ጫፉ ወርዶ ወገቤን ይመታኛል።

ቀደም ሲል የሄድኩበት ጋራዥ የሞላውን ማስተካከያ ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሮ «ጠንክሯል» ብሎ ሸኘኝ። ቀለበቱ ግን የሞተሩን ጀርባ ከፍ ያደርጋል እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም። ባዶውን ስነዳው ድንጋይ ሆነብኝ፤ ስጭነው ያው ይወርዳል።

አዌቱ ወንዝ አቅራቢያ ያሉት አዛውንት መካኒክ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ከጎረቤት ቡና ነጋዴ ሚዛን አስመጡ። «ልጄ፣ መጀመሪያ እንመዝነው» አሉኝ። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን በእኩል ከፍታ ጣውላ ላይ አቁመው እኔን አስቀመጡኝ፤ ከፊት 66፣ ከኋላ 102 ኪሎ። ድንቹ ሲጫን የኋላው 172 ደረሰ፣ የፊቱ ወደ 56 ወረደ። 60 ኪሎ ድንች በኋላው ጎማ ላይ 70 ኪሎ ሆኖ ሲከብድ በዓይኔ አየሁ! ፖርቶመጋላው የተበየደው ጭነቱ ከኋላው ጎማ እምብርት 20 ሳንቲሜትር አልፎ እንዲቀመጥ ሆኖ ነበር። በሁለቱ ጎማዎች እምብርት መካከል ያለው ርቀት 120 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ጭነቱ ከፊት 10 ኪሎ እያነሳ በኋላው ላይ ይጨምራል።

ፖርቶመጋላውን ቆርጠው 25 ሳንቲሜትር ወደ ፊት፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ በላይ አመጡት። አሁን ስጭን የኋላው ከ160 ኪሎ አያልፍም፤ ፊቱም አይቀልም። ከሾክ አብዞርበሮቹ አንዱ ዘይት ያፈስ ስለነበር ሁለቱንም ቀየሩ። አንዱን ብቻ እንዲቀይሩ ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ አንዱ ጠንካራ ሌላው ልል ከሆነ ጎማውን የያዘው ክንድ ይጣመማል። ልክ ነበሩ።

ቅሬታ አለኝ። በአንድ ቀን ያልቃል ያሉት ሥራ ሦስት ቀን ፈጅቶ የአንድ ሐሙስ ገበያ አሳልፎብኛል። ብየዳውንም ቀለም ሳይቀቡ ነው ያስረከቡኝ፤ በጅማ ዝናብ ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። ቀለሙን ራሴ ገዝቼ ቀባሁት።

ባለፈው ሐሙስ ያንኑ 60 ኪሎ ጭኜ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። መሪው እስከ ላይ ድረስ እጄ ውስጥ ከበድ ብሎ ቆየ።