የአምቤድካር ጉብኝት በሙምባይ፦ ባባሳሄብ አሉ፣ ጠበቃው የሉም

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ጉብኝቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አስጎብኚው ልጅም ሥራውን ይወዳል፣ ያውቃል፣ ሰው አያሰለችም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል።

ነገሩ የግማሽ ቀን ዙረት ነው። የህንድን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመሩት ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካር የኖሩበትን፣ የሠሩበትንና አስከሬናቸው የተቃጠለበትን ቦታ ያሳዩአችኋል። እዚያ ሁሉም ሰው «ባባሳሄብ» ነው የሚላቸው። ዋጋው ለውጭ ዜጋ ጠንከር ይላል። ህንድ ውስጥ የምትማሩ ሐበሾች ግን የተማሪ መታወቂያችሁን አውጡና ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ።

የሚጀመረው ፓሬል ሰፈር ነው። ድሮ ለፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ «ቻውል» የሚሉት ሕንፃ አለ፤ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ የተደረደሩ፣ ጠበብ ጠበብ ያሉ። ከኒውዮርኩ ኮሎምቢያና ከለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሁለት ዶክትሬት ያገኙ፣ በዚያ ላይ ለንደን ውስጥ የጥብቅና ማዕረግ የተቀበሉ ሰው እስከ 1930ዎቹ ድረስ ቤታቸው ይሄ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ልጁ እዚህ ጋ በጣም ጎበዝ ነው። በ1891 በህንዶች የትውልድ እርከን (ካስት) ከሁሉም በታች ተደርገው «የማይነኩ» ከሚባሉት ማሃሮች ተወልደው፣ ትምህርት ቤት የውሃውን ዕቃ መንካት ስለማይፈቀድላቸው ተላላኪው ከላይ ካላፈሰሰላቸው ጠምቷቸው እንደሚውሉ ሲያወራ፣ አብረውን የነበሩት ሰዎች ስልካቸውን ሁሉ ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ ወደ ማሃድ ታሪክ ገባ። በ1927 አምቤድካር ሰው አስከትለው ማሃድ ወደሚባል ከተማ ሄዱና፣ «የማይነኩ» ሰዎች እንዳይደርሱበት ከተከለከለው የሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጡ። ልጁ ይህን ተርኮ ጨረሰ፣ አጨበጨብን፣ መኪና ውስጥ ገባን።

እኔን የቆረቆረኝ እሱ ነው። ታሪኩ እኮ አላለቀም! የበላይ ካስት ሰዎች «ኩሬው የግላችን ነው» ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ የቦምቤይ (የሙምባይ የድሮ ስሟ ነው) ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለነአምቤድካር የፈረደው በ1937 ነው። መጠጣቱ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ መብቱን በሕግ ማስከበሩ ግን አሥር ዓመት ወሰደ። ሰውየው በኋላ ሕገ መንግሥት ውስጥ መብትን ብቻ ጽፈው ሳያቆሙ፣ መብቱ ሲጣስ ቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ የሚያስችለውን አንቀጽ 32ን «የሕገ መንግሥቱ ልብና ነፍስ» ያሉት ለምን እንደሆነ ከዚህ ጉዳይ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። የዚያ ፍርድ ቤት ሕንፃ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ፎርት ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። አምቤድካር ከ1923 ጀምሮ ጥብቅና የቆሙበት ቤት። እኛ በመኪና መስኮት አይተነው አለፍን። ለሻይ ግን ቆመናል። ሻዩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም።

ስለ ማርቀቁ ሥራ የሰማነው «ሕገ መንግሥቱን ብቻቸውን ጻፉት» የሚል ነው። እንዲህ ማለት ለሰውየው ክብር የሚጨምር ይመስላል፣ ግን አይጨምርም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያሰናዱት የሕግ አማካሪው ቤኔጋል ናርሲንግ ራው ናቸው፣ አምቤድካር ራሳቸው ሕገ መንግሥቱን በሚያጸድቀው ጉባኤ ፊት ቆመው አመስግነዋቸዋል። በኦገስት 1947 የተቋቋመው አርቃቂ ኮሚቴ ሰባት አባላት ነበሩት። አንዱ ለቀቀ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ አሜሪካ ሄደ፣ ሌላው በሥራ ተጠመደ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ ከዴልሂ ርቀው ነበር፤ ሸክሙ አምቤድካር ላይ ወደቀ። ይህን የተናገረው ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነው። ረቂቁ ላይ ወደ 2,500 የሚጠጋ ማሻሻያ በጉባኤው ቀርቦ ክርክር ሲካሄድ መልስ ይሰጡ የነበሩት በአብዛኛው እሳቸው፣ ያውም ጤናቸው እየታወከ። ኖቬምበር 26 ቀን 1949 የጸደቀው ሰነድ 395 አንቀጽ ነበረው። የእኛው 106 ነው፣ እሱንም ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ወደ ጉባኤው የገቡበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። በ1946 በራሳቸው ቦምቤይ መግባት አቅቷቸው ከቤንጋል ተመረጡ። አገሪቱ ህንድና ፓኪስታን ተብላ ስትከፈል ያ መቀመጫ አብሮ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቷቸው የኖሩት የኮንግረስ ፓርቲ ሰዎች ከቦምቤይ እንዲመረጡ ያደረጉት፣ ምክንያቱም ያለሳቸው ሥራው እንደማይሄድ ገብቷቸዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ወሬ አለ? ልጁ አንድም ቃል አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ያለውማ ጭራሽ የለም። የሕግ ሚኒስትር ሆነው ለሂንዱ ሴቶች በውርስና በፍቺ መብት የሚሰጥ ሕግ ይዘው መጡ፣ ሕጉ ሲጓተትባቸው በ1951 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1952 ምርጫ እዚሁ ቦምቤይ፣ ያውም የቀድሞ ረዳታቸው በነበረ ሰው ተሸነፉ። በ1954 በሌላ ቦታ ሞከሩ፣ ያም አልሆነም። በመሃሉ የላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ተናደው «ይህን ሕገ መንግሥት ለማቃጠል የመጀመሪያው እኔ ነኝ» እስከ ማለት ደርሰዋል። ሐውልት ለሚስም ሰው ይህ አይመችም መሰለኝ፣ ለእኔ ግን ሰውየው የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ዳዳር ያለው ራጅግሩሃ የተባለው ቤታቸው ጥሩ ነው። መጻሕፍት አሳዳጅ ነበሩ፣ ቤቱንም ያሠሩት በዋናነት ለመጻሕፍቱ ብለው ነው ይባላል። ቻይትያ ቡሚ ደግሞ ባሕሩ ዳር ያለው መታሰቢያ ነው፤ ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። ሊሞቱ ሁለት ወር ሲቀራቸው ቡድሂስት ስለሆኑ ድባቡ የጸሎት ቤት ነው። ዲሴምበር 6፣ ያረፉበት ቀን፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ስለሚመጣ መጋፋት የማትወዱ በዚያ ሰሞን አትሂዱ።

እንግዲህ ስለ ሰውየው ምንም የማታውቁ ከሆነ ክፈሉና ሂዱ፣ የፓሬሉ ክፍል ብቻ ገንዘቡን ያወጣል። የሕግ ተማሪዎች ግን ብሩን ተዉት። በባቡር ዳዳር ውረዱ፣ ራጅግሩሃ በጣቢያው ምሥራቅ፣ ቻይትያ ቡሚ በምዕራብ ነው። ከዚያ እንደገና በባቡር ወደ ቸርችጌት፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤቱ በእግር። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ዝናቡ ስለማያስኬድ ሌላ ጊዜ ምረጡ።