ሙዚየም ላብ፦ ጠባሳውን ያልደበቀ የፒትስበርግ ቤተ መጻሕፍት

በፔንሲልቬንያ፣ በፒትስበርግ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ሙዚየም ላብ ዕድሜያቸው አስርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ታስቦ የተዘጋጀ፣ ሳይንስና ሥነ ጥበብ በእጅ እየተሠራ የሚቀሰምበት ቦታ ነው። የከፈተው የከተማዋ የሕፃናት ሙዚየም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2019 ነው። ቤቱ ግን ከዚያ በፊት ረጅም ዕድሜ አለው፤ የብረት ኢንዱስትሪ ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በሰጠው ገንዘብ ተሠርቶ በ1890 የተከፈተ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ንድፉን ያወጡት ስሚዝማየርና ፔልዝ ደግሞ የዋሽንግተኑን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የነደፉት ባለሙያዎች ናቸው።

በ2006 መብረቅ የሰዓት ማማውን መታው፤ ከማማው የተገነጠለ ግዙፍ ድንጋይም ጣሪያውን በስቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ቤተ መጻሕፍቱ በአቅራቢያው ወደ ተሠራለት አዲስ ሕንፃ ሲዛወር አሮጌው ቤት ባዶውን ቀረ።

እንዲህ ያለ ሕንፃ እጁ የገባ አዳሽ ብዙውን ጊዜ ወይ ሁሉን እንደ ጥንቱ አስመስሎ ይመልሳል፣ ወይ በነጭ ቀለም ለቅልቆ ይገላገላል። ኮኒንግ አይዘንበርግ የተባለው የሥነ ሕንፃ ድርጅትና የፒትስበርግ ባልደረቦቹ ሁለቱንም አላደረጉም። በ1970ዎቹ እድሳት የተገጠመውን ዝቅ ያለ ኮርኒስና የተደረበውን ግድግዳ አንሥተው፣ ከሥሩ ያገኙትን ቅስትና የሞዛይክ ወለል እንዳለ ተዉት። ጌጡ ገሚሱ ያለ፣ ገሚሱ የረገፈ ዓምድ ሳይጠገን ቆሟል፤ ልስኑ በተላጠበት በኩል ጡቡ ይታያል። በአዳራሹ ላይ የተንጠለጠለው፣ ፍሪላንድባክ የተባለ የሥነ ሕንፃ ድርጅት የጨርቅ ሥራ፣ የጠፋውን የመስታወት ጣሪያ በሥዕል መልሶ ያሳያል። በእኔ ግምት ይህ ውሳኔ ከማናቸውም ማሳያ ይልቅ ያስተምራል፤ መሰንጠቂያና መርፌ ይዞ ለተቀመጠ ልጅ አንድ ነገር እንዴት እንደ ተሠራ ከግድግዳው ላይ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነውና። ይሁን እንጂ የሕንፃውን ታሪክ ሳያውቅ የገባ ጎብኚ እድሳቱ ገና አላለቀም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ወላጆች የመብረቁን ነገር ለልጆቻቸው አስቀድመው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

የሥራ ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ አንዱ ለእጅ ሥራ፣ አንዱ ለሥነ ጥበብ፣ አንዱ ለቴክኖሎጂ። ከእነዚህ በተጨማሪ ልጆች የሚወጡበትና የሚሾልኩበት ትልቅ መዋቅር አለ። ከሕንፃው ከፊሉን አንድ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል፤ ይህም ቤቱ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አድርጎታል። ካርኔጊ በልጅነቱ በዚሁ ሰፈር ሠራተኛ ሳለ፣ ኮሎኔል ጀምስ አንደርሰን ለሠራተኛ ልጆች ክፍት ባደረጉት የግል መጻሕፍታቸው ይጠቀም ነበር፤ ለውለታቸው ያሠራላቸው ሐውልትም ከሕንፃው አጠገብ ስላለ ሳያዩት አይለፉ።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ቦታው በመኪና ከአራት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው። ከአስር ዓመት በታች ላሉት የሚስማማው በአሮጌው ፖስታ ቤትና በቀድሞው ፕላኔታሪየም ውስጥ ያለው ዋናው የሕፃናት ሙዚየም ነው፤ እሱም እዚያው ጎረቤት ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ መሯሯጥ ግን ትልልቆቹን ልጆች ይበድላል፤ የጀመሩትን ሥራ ለመጨረስ ብቻ ግማሽ ቀን ሊፈልጉ ይችላሉ።