ቴሌግራም ለአነስተኛ ሻጭ፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ የአንድ ዓመት ግምገማ

ደብረ ማርቆስ ከእናቴ ጋር በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ ገዢዎቼ ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚኖሩ ናቸው። የተከራየሁት ሱቅ የለኝም፤ ዕቃዬን የማሳየው በቴሌግራም ቻናል ነው። ለማስታወቂያ በወር ከ1,000 ብር በላይ ማውጣት ስለማልችል፣ ባለፈው አንድ ዓመት እያንዳንዱ ወጪ ስንት ደንበኛ እንዳመጣልኝ በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ይህ ግምገማም ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ቻናል ለመክፈት ምንም አይከፈልም፤ የአባላቱም ቁጥር ገደብ የለውም። ከዚህ በላይ የጠቀመኝ ግን ዛሬ የገባ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለጠፍኩትን ሁሉ ማየት መቻሉ ነው። የበርበሬ ዋጋ አዲሱ ምርት በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌላ፣ ክረምት ሲቃረብ ሌላ ስለሆነ፣ የቆየ ጽሑፍ ላይ ያለውን ዋጋ ማረም መቻሌ ከብዙ ጭቅጭቅ አድኖኛል። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የሚታየው የተመልካች ቁጥርም ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ የታየበትን ጨምሮ የሚቆጥር በመሆኑ፣ ደንበኞቼ የትኛውን ፎቶ ለዘመዶቻቸው እንዳጋሩት በግምት እረዳለሁ።

ይሁን እንጂ አነስተኛ ሻጮች እምብዛም የማይጠቀሙበት፣ እኔም ዘግይቼ የደረስኩበት አንድ አገልግሎት አለ። ይኸውም ለአንድ ቻናል ብዙ የመጋበዣ ሊንኮችን መፍጠርና ለእያንዳንዱ ስም መስጠት መቻሉ ነው። በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ስለሚቆጥር፣ ማስታወቂያን ለመመዘን ከዚህ የቀለለና ወጪ የሌለው መሣሪያ አላየሁም። እኔ አራት ሊንኮች አዘጋጀሁ፦ አንዱን ለቲክቶክ ገጼ፣ አንዱን ለከፈልኩበት ማስታወቂያ፣ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት፣ አራተኛውን ደግሞ በማሸጊያው ላይ ለሚለጠፈው ወረቀት። ቴሌግራም ሊንኩን በስልክ ካሜራ ወደሚነበብ ኪውአር ኮድ ስለሚቀይረው፣ ኮዱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ እለጥፈዋለሁ።

ብዙ ሰው ያስገባልኝ ቲክቶክ ነበር፤ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ግን በአብዛኛው በከረጢቱ ወረቀት የገቡት ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። አዲስ አበባ ያለች ደንበኛዬ ወጥ ስትሠራ ጎረቤቷ ቀምሳ «ይህ በርበሬ ከየት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከረጢቱ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ስላለ መልሱ ከነሊንኩ ይገኛል። እንዲህ የመጣች ሴት በርበሬውን ቀምሳ ስለሆነ የምትመጣው፣ የምትጠይቀኝ ስለ ዋጋውና ስለሚደርስበት ቀን ብቻ ነው።

በተቃራኒው፣ ሁለት ጊዜ ገንዘቤ ባክኗል። መጀመሪያ የሦስት ወር የማስታወቂያ ገንዘቤን አጠራቅሜ፣ ብዙ ተከታይ ላለው የአንድ ቻናል ባለቤት 3,000 ብር ከፍዬ ማስታወቂያዬ ለአንድ ቀን ተለጠፈ። በሊንኩ 41 ሰዎች ገቡ፤ ዋጋ የጠየቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አልገዛም። ቀጥሎ «አባል እንጨምራለን» ከሚል ሰው ጋር ተዋዋልኩ። በሁለት ቀን የአባላቴ ቁጥር ከ2,000 በላይ ሆነ፤ በማግስቱ የለጠፍኩትን ፎቶ ያየው ግን 60 ሰው እንኳ አልሞላም። ለካ የገቡት ሰዎች ሳይሆኑ ባዶ አካውንቶች ኖረዋል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆንኩ። አንድን ቻናል ለማስታወቂያ ከመክፈል በፊት የአባላቱን ብዛት ከየጽሑፉ ተመልካች ቁጥር ጋር ማነጻጸር እንደሚገባ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ቴሌግራም የራሱም የማስታወቂያ አገልግሎት አለው፤ እስከ 160 ፊደል የሚደርስ አጭር ጽሑፍ ትልልቅ ቻናሎች ላይ ያሳያል። ክፍያው በአብዛኛው ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ ስለሆነ ለእኔ ዓይነቷ ሻጭ የሚሆን አይደለም፤ በበኩሌ አልሞከርኩትም።

ከሚለጠፈው ይዘት አንጻር፣ ግራፊክስ ባለሙያ ከሠራልኝ ያማረ ፖስተር ይልቅ እናቴ ዛላውን በሰፌድ ላይ ስትቀነጥስ በስልኬ ያነሳኋት ፎቶ እጅግ ብዙ ጥያቄ አምጥቷል። የጎጃም ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጄ፣ የተፈጨውንማ ማንም ያሳያል፤ እስኪ ዛላውን አሳይኝ» ካሉኝ ወዲህ፣ በርበሬው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ዛላውን፣ ኮረሪማውንና በሶብላውን ለየብቻ አነሳለሁ። የጊዜ አመራረጥም ከገንዘብ አይተናነስም፤ የሽሮ ማስታወቂያዬ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እንዲሁም በሐምሌ ማብቂያ ከፍልሰታ በፊት ይወጣል። ጾሙ ከገባ በኋላ የሚለጠፍ የሽሮ ማስታወቂያ ዘግይቷል፤ ገዢዋ ቀደም ብላ ገዝታለች። አንዳንድ ሻጮች «በሽታ ያድናል» እያሉ ምግብ ሲያስተዋውቁ አያለሁ፤ አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

የቻናሉ ደካማ ጎን አዲስ ሰው በራሱ ፈልጎ የማያመጣ መሆኑ ነው። ቲክቶክ የማያውቅህን ሰው ሳይቀር ቪዲዮህን ያሳየዋል፤ ቻናል ግን ሊንኩን ወይም ስሙን የማያውቅ ሰው እምብዛም አይደርስበትም። ስለዚህ ቲክቶክን ለማስተዋወቅ፣ ቴሌግራምን ለመሸጥ እጠቀማለሁ። ሁለተኛው ችግር ቻናል ኢንተርኔት በሌለበት ምንም ማለት አለመሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ያኔ በስልክ ብቻ እንሸጥ ለነበርን ሰዎች የደንበኞች ስም ዝርዝር ያለበት ተራ ደብተር ምን ያህል እንደሚጠቅም አይተናል። ዛሬም እያንዳንዱን ገዢ ከነስልክ ቁጥሩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ለበዓል በአጭር የጽሑፍ መልእክት «እንኳን አደረሰዎ» ማለት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ ከመልእክቱ በኋላም የሚያዝ አይጠፋም።

ክፍያው ቀላል ሆኗል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገዢው ባንክ መሄድ አይጠበቅበትም። የሚያስቸግረው ዕቃውን ማድረስ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣትም አለ፤ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሳምንት ትእዛዝ እንደማልቀበል ቻናሉ ላይ በግልጽ እጽፋለሁ። ይህን መጻፌ ገዢ ያሳጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሆኖም ቀኑ ስለዘገየባቸው ከሚቀየሙት ይልቅ አስቀድሜ ስለነገርኳቸው የሚጠብቁኝ በዝተው አገኘኋቸው።

ከአምስት ነጥብ አራት እሰጠዋለሁ። ተደጋግሞ የሚገዛ ነገር ለሚሸጥ፣ እንደ በርበሬ፣ ማር፣ ቅቤ ወይም ጤፍ ላለ ንግድ፣ ከቻናል የሚሻል ርካሽ መንገድ አላገኘሁም። በዕድሜ አንዴ የሚገዛ ዕቃ፣ ለምሳሌ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን ቻናሉ ውስጥ ያከማቸው አባል ተመልሶ ስለማይገዛው ጉልበቱን ቪዲዮ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። እኔ ደግሞ ለማስታወቂያ ከያዝኩት 1,000 ብር አሁን 400ውን ለከረጢት ወረቀት፣ የቀረውን ለአዳዲስ ጠያቂዎች ለምልክላቸው የሩብ ኪሎ መቅመሻ አውለዋለሁ።