ረቂቁን መገምገም ወይስ የታተመውን?

ድሬዳዋ ተቀምጦ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ በትርፍ ሰዓት ለመገምገም ሁለት መንገድ አለ።

ረቂቅ፦ ገና ያልታተመው ምዕራፍ ከአሳታሚው በኢሜይል ይመጣል፤ የመመለሻ ቀን አለው። ክፍያው ብዙውን ጊዜ ነፃ ቅጂና ስም መጠቀስ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋም ቀኑ አይራዘምም፤ ኮዱንና ላይብረሪዎቹን (ኮዱ የሚጠቀምባቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ቀድሞ ማውረድ ይበጃል።

የታተመ፦ የሚያጣድፍ የለም፤ የከዚራ ሰፈር ሙቀት በረድ ሲል ይነበባል። ወረቀቱን ከመጠበቅ ፒዲኤፉ ይሻላል። ጣጣው ስሪት ላይ ነው፦ ለፓይተን 2 (ፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፤ ቁጥሩ ስሪቱ) የተጻፈ የ«ፕሪንት»፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያሳየው ትእዛዝ፣ መስመር ቅንፍ ስለሌለው በፓይተን 3 አይሠራም። ደራሲውን ከመውቀስ በፊት መጽሐፉ የጠቀሰውን ስሪት ለብቻው ጭኖ፣ ኮዱን ሳይነካኩ ማስኬድ ነው። ይህን ያልሞከረ ግምገማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሽፋን ግምገማ ነው።

በመጽሐፉ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በየቀኑ የሚሠራ ሰው ረቂቁን ይውሰድ። ገና የሚማር ደግሞ ለጀማሪ የተጻፈ የታተመ መጽሐፍ ይያዝ፤ ደራሲው የዘለለው እርምጃ የሚቆረቁረው እሱን ነው።