የጭቃ ቤታችሁን «ሲሚንቶ እናልብሰው» ለሚላችሁ ቀብድ አትስጡ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ደጀን፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ የወላጅ ቤት ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ።

የአባቴ ቤት ደብረ ማርቆስ ነው። ቋሚና ማገሩ ባህር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃ በጤፍ ጭድ። አምና ግንቦት ላይ የውጭ ግድግዳው ሲላላጥ አንድ ለሳኝ አመጣን። «በሲሚንቶ እናለብሰዋለን፣ ብሎኬት ይመስላል፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ መምረግ ቀረ። ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሰው» አለን። 60 ሺህ ብር ቀብድ ወሰደ። በ9 ቀን ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ ቀሪውን ተቀበለ። እውነት ለመናገር አምሮ ነበር። እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች።

ነሐሴ ላይ ጥግ ጥጉ ተሰነጠቀ። በጣቴ ሳንኳኳው ከጭቃው መላቀቁ በድምፁ ያስታውቃል። መስከረም ላይ የአንዱ ጎን ልስን እንዳለ ተዘርግፎ ወረደ። የቋሚዎቹን እግር ያየሁት ያኔ ነው። ጠቁሯል፣ ርሷል። ሚስማር ብወጋበት እንደተቀቀለ ድንች ዘው አለ። ምስጡ እስከ ማገሩ ወጥቷል።

ነገሩን ያስረዱኝ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያወጣል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ እንጨቱ ሥር ይተኛል። «ልጄ፣ መጀመሪያ እግሩን ነበር ማየት» አሉኝ። ለሳኙ አንድም ቋሚ ሥሩን ሳያይ ነው የለሰነው። እኛም አላልነውም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እባካችሁ፣ ብር ከመስጠታችሁ በፊት ምርጊቱን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አስነሱና ቋሚውን በሚስማር ውጉት። የበሰበሰው ሳይቀየር ምንም አይለጠፍበት። ምርጊቱ ያው ጭቃ ይሁን፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት የሰነበተ። ማሳመር ከፈለጋችሁ ኖራ አስቀቡት፣ ኖራ እርጥበት አያፍንም። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ከልስኑ በፊት እሱን አሠሩ። ክፍያውም ግድግዳ በግድግዳ ይሁን፣ በጽሑፍ። እኛ ሰው አምነን ወረቀት አልያዝንም።

ሰውዬው አሁን ስልክ አያነሳም። 7 ቋሚ መቀየር አለበት። አናጢው ጭቃው በደንብ እንዲደርቅ ኅዳር ላይ እንጀምር ብለዋል። እስከዚያ እናቴን ልስኑ ከወረደበት ጎን አንስተን ወደ ጓዳ አዛውረናታል።