ለአሠልጣኛችን የቀረበ ምስጋና፣ አሠልጣኝ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤታችን ለሁለት ቀናት የተሰጠውን የገለጻ አቀራረብ ሥልጠና የመሩልንን አሠልጣኝ በይፋ ለማመስገንና ተመሳሳይ ሥልጠና ለማዘጋጀት ለምታስቡ ሁሉ ለመጠቆም ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ። ምስጋናዬ በተለይ ጨዋታን የተጠቀሙበትን መንገድ የሚመለከት ነው። ከዚህ ቀደም በተካፈልኩበት አንድ ሥልጠና ላይ ሳንፈልግ ተነሥተን እንድንጨፍር ተደርጎ፣ ጭፈራው ሲያበቃም ከትምህርቱ ጋር አንዳች ግንኙነት ስላልነበረው፣ «ማነቃቂያ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንገቴን መድፋት ልማዴ ሆኖ ነበር።

እሳቸው ግን ገና ከጅምሩ መካፈል የማይፈልግ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ተቀምጦ መመልከት እንደሚችል ነገሩን። መተዋወቂያው ብዙዎቻችን የምናውቀው «ሁለት እውነትና አንድ ውሸት» (አንዱ ሦስት ነገር ተናግሮ ሌሎቹ ውሸቱን የሚለዩበት ጨዋታ) ቢሆንም፣ የምንናገረው ስለ ግል ሕይወታችን ሳይሆን ስለ ሥራችን እንዲሆን በማድረጋቸው ማንም አልተሸማቀቀም።

ከሁሉ ይበልጥ የማልረሳው የጣት ምቱን ጨዋታ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነን እንደተቀመጥን፣ ከሁለታችን ለአንዳችን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘፈን ርእስ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተሰጠ፤ ወረቀቱ የደረሰው ሰው ሳያንጎራጉር ዜማውን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይመታል፣ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። ወረቀቱ የደረሰው ለእኔ ነበር። ወዲያው እንደሚያውቁት እርግጠኛ ሆኜ ብመታም፣ አንጋፋዋ ባልደረባዬ ዓይናቸውን ከጣቴ ላይ ሳይነቅሉ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠንከር አድርጌ ደገምኩት፤ አሁንም አላወቁትም። አሠልጣኛችን ቀረብ ብለው «ሲመቱ ምን ይሰማዎት ነበር?» አሉኝ፤ «ዜማው» አልኩ። «ለእርስዎስ?» ሲሏቸው ባልደረባዬ «ጠረጴዛ ሲንኳኳ» ብለው መለሱ።

ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገችውን ተመሳሳይ ሙከራ የነገሩን ከዚህ በኋላ ነው፤ መቺዎቹ አድማጮቻቸው ግማሹን ያህል እንደሚያውቁላቸው ገምተው ሳለ፣ ከ120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። ገለጻ የሚያቀርብ ሰውም ጉዳዩን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ዜማውን በውስጡ እየሰማ ይናገራል፣ ለአድማጩ የሚደርሰው ግን ምቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ የየራሳችንን ስላይድ አውጥተን ለጥንዳችን እንድናሳይ አደረጉን፤ ባልደረባዬም በአንዱ ስላይዴ ላይ ብቻ ትርጉማቸው ያልገባቸውን አምስት ምሕጻረ ቃላት አከበቡልኝ። ለዓመታት ሳቀርባቸው የኖርኩ ምሕጻረ ቃላት ናቸው።

ጨዋታው 10 ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅ ውይይቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ፤ በእኔ እምነት የሙያ ብቃታቸው የታየው በዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋትም ክለሳውን ራሳቸው ከማቅረብ ይልቅ፣ ደብተራችንን ዘግተን በቡድን በምንመልሰው አጭር የጥያቄ ውድድር ተኩት፤ ከራስ ትውስታ አውጥቶ መመለስ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ዕውቀትን ለረጅም ጊዜ እንደሚያቆይ በጥናት የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ይህም ለጨዋታነቱ ብቻ የተመረጠ አልነበረም።

አድራሻቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የሠልጣኞቹን ብዛት፣ የአዳራሹ ወንበሮች የሚንቀሳቀሱ መሆን አለመሆናቸውን፣ እንዲሁም ለመነሣትና ለመንቀሳቀስ የሚቸገር ተሳታፊ መኖር አለመኖሩን አጣሩ፤ እኛን አስቀድመው የጠየቁን እነዚህን ነበር።