ፊቱን ወደ መደርደሪያው ላዞረው ልጅ

ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው። የሱቃችንን የጠፋ ፓስወርድ ጉዳይ የፈታልንን የኮምፒውተር ባለሙያ ላመሰግን ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ከተንዛዛ ይቅርታ።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለን። አባቴ ያቆመው ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ እኔና እናቴ ይዘነዋል። ስቶኩ፣ ሽያጩ፣ ከሁሉም በላይ የጋራዦቹ የስድስት ዓመት ዱቤ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ሲስተሙን የተከለልን ልጅ ካናዳ ገባ። የዳታቤዙ፣ ማለትም ይሄ ሁሉ መዝገብ የተቀመጠበት ቋት፣ ዋና ፓስወርድም አብሮት ሄደ።

ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ወደ አዲስ እናዛውረው አልን። ያለ ፓስወርዱ ወይ ፍንክች! ካናዳ ደወልን። ጨዋ ልጅ ነው፣ ከእንቅልፉ ተነስቶ አናገረን፤ ግን ረስቶታል። የአርሰናል ደጋፊ ስለሆነ አርሰናልን በትልቅ ፊደል፣ በትንሽ ፊደል፣ ቁጥር እያስከተልን ሞከርነው። የእናቱን ስም ሳይቀር ሞከርን። የለም።

ከዚያ የባለሙያ ያለህ ማለት ጀመርኩ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው "ቀላል ነው" ብሎ ነካክቶ ነካክቶ፣ ሲሠራ የነበረውንም አቆመብን። ስልክም አያነሳ። ሁለተኛው ቦታ 15 ሺህ ብር ቅድሚያ ተቀብለው አራት ቀን "ነገ፣ ነገ" ሲሉኝ ከረሙና "ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ቢጫን ይሻላል" አሉኝ። እንደ አዲስ! የስድስት ዓመት ዱቤ! ብሬን ስጠይቅ "እሱ ለምርመራ ነው" ተባልኩ። ያንገበገበኝ ግን ሦስተኛው ነው። "ፓስወርድ ጠፋብኝ ብለሽ ስትመጪ አታፍሪም?" ብሎ ከጓደኛው ጋር ሳቀብኝ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ የሚያበቃበት ጥቅምት 30 ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ያኔ ሆዴ እንዴት እንደነበረ ያውቀዋል።

እናቴ ደግሞ "አባትሽ ደብተር ላይ ሲጽፍ ፓስወርድ የጠየቀው ሰው የለም" ትለኛለች። ምን ልመልስላት?

የማመሰግነውን ልጅ የጠቆመኝ አንድ ደንበኛችን ነው። መጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ብር ሳይሆን ንግድ ፈቃድ ነው። ትንሽ ከነከነኝ። "የሰው ዳታቤዝ ለሌላ ሰው እንዳልከፍት ነው፣ አትቀየሚኝ እህቴ" አለ። ከዚያ ምንም ሳይነካ ያለውን ሁሉ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሳያጉረመርም ከመጀመሪያው ጀመረው። ከእነዚያ ከሦስቱ መጀመሪያ እንገልብጠው ያለ አንድም አልነበረም።

ምን እንደሠራ አስረጂን ካላችሁኝ አልችልም። ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። የድሮው ፓስወርድ ተፈልጎ አይገኝም፣ በአዲስ ይተካል አለኝ። ሰርቨሩን አጥፍቶ አንድ ሰው ብቻ በሚገባበት መንገድ አስነሳው። ሁለቴ እምቢ አለው። ዝም ብሎ አሰበና "የካሸሮቹን ኮምፒውተሮች ገመድ ንቀሉልኝ" አለ። ለካ የሽያጩ ፕሮግራም እየቀደመው ገብቶ እሱን ደጅ እያስቀረው ነው! ነቀልን። ገባ።

አንጀቴን ያራሰው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አዲሱ ፓስወርድ የሚጻፍበት ጋ ሲደርስ ከወንበሩ ተነሳ። "አንቺ ጻፊው፣ እኔ ማወቅ የለብኝም" ብሎ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ የፍሬን ሸራ ካርቶኖቹን እያየ ቆመ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ዞር አላለም። "ቀስ በይ፣ ማንም አያባርረንም" ብቻ አለኝ። ፕሮግራሙ ውስጥም አዲሱ መግባት ነበረበት፤ እዚያም እኔው ጻፍኩ፣ እሱ ካርቶኑን አየ።

የዱቤው ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የጎረቤት ሱቆች ሠርግ መስሏቸው ብቅ ብቅ አሉ።

የጠየቀኝ 4 ሺህ ብር ነው። ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ። እናቴ ግን "ልጄ፣ ክፉ አይንካህ" ብላ ምሳ ሳታበላ አልለቀቀችውም። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በፖስታ አሽጊው ብሎኝ ስለነበር፣ ፖስታውን ተቀብላኝ ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የሳጥኑን ቁልፍ የት እንዳደረገችው እስካሁን አልነገረችኝም።

ወገኖቼ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ "ፓስወርዱን የሚያውቀው ልጅ ወጥቷል" ብላችሁ የተጨነቃችሁ፣ እኔ ያየሁትን ፍዳ አትዩ። ወደዚህ ልጅ ሂዱ። ጎበዝ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ሰው አያሸማቅቅም። ስልኩን በይፋ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትቀጥሩት ንግድ ፈቃዳችሁን አውጥታችሁ ጠብቁት።